ጋሽ እሸቴ ለማን እንደመረጡ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ የታሰረም የለም። የሞቱት በጎች ናቸው፤ በግ ደግሞ በመንዝ አገር በየዓመቱ ይሞታል። እኔም ትዝታ ለመጻፍ የሚያበቃ ዕድሜ የለኝም። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ካሉት ልጆች በዕድሜ እበልጣለሁ እንጂ የማውቀው ከእነሱ ብዙም አይበልጥም።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ጥያቄ ነው። የሕዝብ አስተዳደር መምህራችን «የመንግሥት ሠራተኛ የፖለቲካ ገለልተኝነት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁ እጄን አወጣሁ። ትርጉሙን ከመጽሐፉ አጥንቼው ነበር፤ ቆሜ አንድም ቃል ሳላጎድል ተናገርኩ። «ጎበዝ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። የተናገርኩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ውስጡ ግን ሰው አልነበረበትም። እኔ ደግሞ ሰውየውን አውቃቸዋለሁ።

ተማሪ ከመሆኔ በፊት የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነበርኩ። ገበሬው «ዶክተር» ይለናል፤ ዶክተር አለመሆናችንን እያወቀ ነው የሚለን፤ እኛም አናርመውም ነበር። መጀመሪያ የተመደብኩት ግሼ፣ ራቤል ነው። ስለዚያ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ደመወዙ ወር አያደርስም። ያኔ የነበሩት አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሥራዬን ግን የሚያውቁት በሪፖርት ብቻ ነው። የተማርኩትን ይዤ፣ ስሕተቴን የሚነግረኝ ሳይኖር ሠራሁ።

ከዚያ ወደ መንዝ ተዛወርኩ። የወረዳውን ስም አልጠቅስም፤ ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። ከጓሳ ዳር ያለ፣ ነፋስ የማይለየው ደጋ ነው። ገበሬው ገብስ ያርሳል፤ በጉ ግን ባንኩ፣ ልብሱና ኩራቱ ነው። ክሊኒካችን ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ጋሽ እሸቴ እዚያ ነበሩ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ አጭር፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ናቸው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በዚያ አገር በግ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን በግ ስይዝ አይተው ሳቁ። የያዝኩት በጀርባው ፀጉር ነበር።

«አንቺን ፀጉርሽን ይዘው ቢያነሱሽ ትወጃለሽ?» አሉኝ።

«አልወድም ጋሼ።»

«እሱም አይወድም። ቆዳው ከሥጋው ይላቀቃል፣ ውስጥ ውስጡን ይደማል። አንዱን እጅሽን ከመንጋጋው ሥር፣ አንዱን ከጎኑ። እንደ ዘመድ ያዢው።»

የተማርኩት እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነው። የታመመ በግ ፊት ሲቆሙ ወዲያው አይነኩትም፤ ቆመው አተነፋፈሱን ያያሉ። ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ዝቅ አድርገው ውስጡን ያያሉ፤ ከነጣ የጉበት ትል ነው፣ ከቀላ ሌላ ነው። ክትባት ላይ ደግሞ እንደ ቄስ ጥንቁቅ ነበሩ። የበግ ፈንጣጣ ክትባት ዱቄት ሆኖ በትንሽ ጠርሙስ ነው የሚመጣው፤ በቀዝቃዛ ማሟሟያ ይበጠበጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ሳይሞቅ ቶሎ ማለቅ አለበት። ጋሽ እሸቴ የመጀመሪያው በግ ተይዞ ካልቆመ ጠርሙስ አይበጠብጡም። ከበረዶ ሣጥኑ ባወጡት ቁጥር ጠርሙሱን ጉንጫቸው ላይ ያስጠጉታል። «እጄን ሥራ አደንዝዞታል፤ ጉንጬ ግን አሁንም ያውቃል» ይሉኝ ነበር። መርፌው የሚገባው ከፊት እግሩ ብብት ሥር፣ ፀጉር በሌለበት ስስ ቆዳ ነው። የተወጋውን በግ ግንባሩን ቀይ ቀለም እንቀባዋለን፤ ሁለት ጊዜ እንዳይወጋ።

ስለ ሰዎችም ልማድ ነበራቸው። አንድ ጊዜ የፓርቲ ጽሑፍ ያለበት ኮፍያ ለሠራተኛው ሁሉ ታደለ። እኔ ፀሐዩን ፈርቼ አደረግሁት። በረት ልንገባ ስንል ከራሴ ላይ አንሥተው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። «በግ አያነብም፤ ባለበጉ ግን ያነባል» አሉ። ተራ አያስሰብሩም፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ከመጣ ከኋላ ይቆማል። የአንዱን በሽታ ለሌላው አይናገሩም። «የእገሌ በጎች ምን ሆኑ?» ብሎ የሚጠይቃቸውን «ሄደህ በጎቹን ጠይቃቸው» ይሉታል። አሟቸዋል ተብሎ ከተወራ ቀየት በሚባለው ገበያ ላይ የሚገዛቸው የለም፤ ሰዎች ይህን ስለሚፈሩ የታመመ በግ ይደብቁ ነበር። ለጋሽ እሸቴ ግን አይደብቁም። እሳቸው ዘንድ የገባ ነገር እንደማይወጣ አገር ያውቃል።

የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ምንዳዬ ይባላል። ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አባቱ ከጓሳ ዳር በግ ያረባሉ። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር። ነገር ግን ለአገሩ እንግዳ ሆኜ በመጣሁ ሰሞን፣ ቤት እስካገኝ እናቱ ዘንድ ያስጠጋኝ እሱ ነው።

የምርጫው ዓመት ሲገባ ስብሰባ በዛ። አንድ ቀን ሁላችንንም ሰብስቦ ምንዳዬ ተናገረ። «ዘንድሮ ገለልተኛ የሚባል ሠራተኛ የለም። የመንግሥትን እንጀራ እየበላን ፓርቲውን አለመምረጥ ክህደት ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱን፣ ቤተሰቡንና የሚያገለግለውን ሰው ይዞ ይመጣል።»

ጋሽ እሸቴ እጃቸውን አወጡ። «እኔ የማገለግለው በግ ነው ልጄ። በግ የምርጫ ካርድ ወሰደ እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምንዳዬም ሳቀ። «ባለበጉን ነው ያልኩት ጋሽ እሸቴ።»

«ባለበጉማ ለበጉ ነው የሚመጣው። ደግሞስ ሕጉ ሠራተኛ በሥራው አይወግን አይደል የሚለው?»

«ሕጉን ያወጣው ማን ሆነና?»

«እናንተው ናችኋ፤ ለዚያ አይደል የጠየቅሁህ» አሉና ተቀመጡ።

ምንዳዬ ሳቁን አቆመ። «ለማንኛውም ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። የኛ ሠራተኛ የሚመርጥበት ጣቢያም ይለጠፋል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ማን ምን እንዳደረገ አይጠፋንም» አለ። ያኔ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ወደ ክሊኒኩ ስንመለስ ዝም ማለት አቅቶኝ «ጋሼ፣ እርስዎ ለማን ነው የሚመርጡት?» አልኳቸው።

ቆሙ። «የሰው በግ ምን እንዳመመው ለሌላ ሰው ነግሬ አውቃለሁ?»

«ኧረ አያውቁም።»

«ታዲያ የራሴን ለምን እነግርሻለሁ?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አልተቆጡም። እኔ ግን አፈርኩ።

በዚያው በጋ አጎራባች ወረዳ ፈንጣጣ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ጋሽ እሸቴ ክትባት እንዲላክ ጠየቁ፤ ደጋግመው ጠየቁ፤ በመጨረሻ ለአንድ ቀጣና የሚበቃ መጣ። ሰው ሞፈር የማያነሳበትን የበዓል ቀን መረጥንና ከቅዳሴ በኋላ እንዲነገር አደረግን። መሰብሰቢያው ጓሳ ዳር ያለው ሜዳ ሆነ፤ ከየጎጡ ለሚመጣው ሁሉ አማካይ እሱ ነበር።

ጓሳን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ጓሳ የሕዝብ ሣር ነው። ለዓመታት ይዘጋል፤ የቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ሲደርስ በሽማግሌዎች ፈቃድ ይከፈታል። ተዘግቶ ሳለ የገባ በግ ባለቤቱን ያስቀጣል፤ ሀብታም ደሃ አይባልም። ያን ጊዜ ጓሳ ዝግ ነበር። ስለዚህ በሜዳው ዳር በግ ይዞ መቆም ማለት አንድ ዓይን ሁልጊዜ በጉ ላይ ማድረግ ማለት ነው።

ጠዋቱ ያማረ ነበር። ሰው ሌሊት ተነሥቶ በጎቹን እየነዳ መጣ፤ ሜዳው በጩኸታቸው ተሞላ። ከፊት ከደረሱት አንዷ እትዬ አስካለ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በእነዚያ በጎች ነው። ጋሽ እሸቴ መጀመሪያ የመጣውን መንጋ አስያዙ፣ ጠርሙስ በጠበጡ፣ ሥራ ጀመርን። እሳቸው ይወጋሉ፤ እኔ ቀለም እቀባለሁ። የተወሰኑ መንጎች እንደጨረስን የቢሮው መኪና ጣራዋ ላይ ሞንታርቦ ጭና መጣች። ምንዳዬና ከዞን የመጡ ሁለት እንግዶች ወረዱ።

«ጋሽ እሸቴ፣ ትንሽ ያቁሙልን» አለ ምንዳዬ። «ሕዝቡን እንዲህ ተሰብስቦ የት እናገኘዋለን?»

«ተበጥብጧል ልጄ። ከተበጠበጠ አይጠብቅም።»

«ሩብ ሰዓት ብቻ።»

«የእናንተን ሩብ ሰዓት አውቃታለሁ።»

ምንዳዬ ወደ እንግዶቹ በዓይኑ እያመለከተ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያዋርዱኝ በእናትዎ።»

ወዲያው ሞንታርቦው ተከፈተ፤ ሕዝቡ ወደ መኪናዋ እንዲጠጋ ታዘዘ። በግ የያዘ ሁሉ ለቀቀ። ያዥ ከሌለ መውጋት አይቻልም። የበጠበጥነውን ጠርሙስ ሣጥኑ ውስጥ መልሰን፣ ሣጥኑን ከመኪናዋ ጥላ ሥር አስቀምጠን፣ በጎቹ እንዳይበተኑ እኔና ጋሽ እሸቴ በሌላው ወገን ቆምን። ለሁለት ሰው ግን ብዙ ነበሩ።

ንግግሩ ረዘመ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ቀጠለ። ስለ መንገድ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ውለታ ተነገረ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ገበሬው ራሱን ይነቀንቃል፤ ዓይኑ ግን ትከሻው ላይ ዞሮ በጎቹን ይፈልጋል። ድንገት እትዬ አስካለ «ኧረ በጎቹ! ጓሳ ገቡ!» ብለው ጮኹ።

እንደዚያ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ዲያቆኑ፣ ሁሉም ነጠላውን እየሰበሰበ ወደ ጓሳ ሮጠ። ተናጋሪው «ወገኖቼ! ወገኖቼ!» ሲል ባዶ ሜዳ ላይ ቀረ። የጓሳ ጠባቂዎች በፈረስ ሆነው በጎቹን ከወዲያ ሲነዱ፣ ባለቤቶቹ ከወዲህ ሲጠሩ፣ መንጋው ሁሉ ተደባለቀ። እኔ መሳቄን አልክድም። ምንዳዬ ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ እንግዶቹ ያዩት እሱን ነዋ።

በጎቹ በየጆሯቸው ምልክት ተለይተው ወደየባለቤታቸው እስኪመለሱ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ጋሽ እሸቴ ወደ በረዶ ሣጥኑ ሄዱ። ክዳኑ ገጥሞ አልተዘጋም። እንግዶቹ የታሸገ ውኃቸው እንዲቀዘቅዝ ጠርሙሶቹን በረዶው ላይ ደርድረው፣ እየከፈቱ ሲጠጡ ነው የዋሉት። ለፀሐይም ተጋልጦ ነበር፤ የመኪናዋ ጥላ ከሄደ ቆይቷል። በረዶው ውኃ ሆኗል። ጋሽ እሸቴ አንዱን የክትባት ጠርሙስ አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት። ሌላውንም። ሌላውንም።

«ሞቷል» አሉ።

«ምኑ?» አለ ምንዳዬ።

«መድኃኒቱ።»

ምንዳዬ ሕዝቡን አየ፤ እንግዶቹን አየ። «ሕዝቡ እኮ ቆሟል ጋሽ እሸቴ። ለስሙ እንኳ ይውጉላቸውና ይሂዱ። በጉን አይጎዳው።»

«በጉን አይጎዳውም። ተከትቦልኛል ብሎ የሚተኛውን ሰው ነው የሚጎዳው።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «መድኃኒቱ ተበላሽቷል። ግንባራቸው የተቀባው ብቻ ተከትበዋል፤ ሌሎቹ አልተከተቡም። ሌላ እስኪመጣ በጎቻችሁን ከሌላ ጎጥ በግ ጋር አታቀላቅሉ። ይቅርታ አድርጉልን።»

«ንግግሩን እንደሆነ ጨርሰነዋል» አሉ እትዬ አስካለ። «መርፌው ታዲያ የታለ?»

«ንግግሩ ይከትባቸዋል ይሆናል!» አለ አንድ ጎልማሳ ከኋላ። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። በጎቻቸውን ነድተው ሄዱ። በሳምንቱ ደግሞ የጓሳ ሽማግሌዎች በጋቸው የገባባቸውን ሰዎች ቀጡ። ሕግ ሕግ ነው፤ ስብሰባ ላይ ነበርን ማለት አላዳነም።

ሌላ ክትባት ጠየቅን። ከምርጫው በፊት መኪናም ሠራተኛም እንደሌለ ተነገረን። ከምርጫው በፊት ፈንጣጣው ደረሰ።

የበግ ፈንጣጣ መጀመሪያ ጆሮን ያሞቃል። ከዚያ ዓይንና አፍንጫ ይፈሳል። ከዚያ ፀጉር በሌለበት ሁሉ፣ ከብብቱ፣ ከላቱ ሥር፣ ከከንፈሩ ላይ ባቄላ የሚያህል እብጠት ይወጣል። መድኃኒት የለውም። ያለን ነገር ቁስሉን በጨው ውኃ ማጠብና ሌላ ሕመም እንዳይደርብበት መርፌ መውጋት ብቻ ነው። ከቤት ቤት በእግራችን ዞርን። ጋሽ እሸቴ ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረው ሄዱ። ግልገሎቹ ቀድመው አለቁ፤ ጡቷ የቆሰለ እናት አታጠባማ። ቀለም የተቀቡት ጥቂቶች በሞቱት መካከል ቆመው ያመነዥኩ ነበር። ሥራችን ምን ያህል ይጠቅም እንደነበር ያሳየን እሱ ነው፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። እትዬ አስካለ በረት ስንደርስ እሳቸው ደጅ ተቀምጠው ነበር። «ግቡ» አላሉንም፤ «አትግቡ»ም አላሉንም።

የምንዳዬ አባት በጎችም አለቁ። የበረቱን አጥር ተደግፎ ቆሞ አየሁት። አባቱ አጠገቡ የሞተ በግ ይገፉ ነበር፤ አላናገሩትም።

ምርጫው ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰው ድምፁን እየሰጠ፣ ቀለም የተነካ ጣቱን እያየ ይወጣል። ያ ሜዳ ላይ ያሾፈው ጎልማሳ ጣቱን ለጋሽ እሸቴ አሳያቸው። «በጎቹን ሳትቀቡ ቀርታችሁ እኛን ቀባችሁን» አላቸው። ጋሽ እሸቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተራቸው ሲደርስ ወደ መጋረጃው ገቡ፤ ወጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ። በኛ ጣቢያ ፓርቲው ተሸንፎ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሠራተኛው በሙሉ ተጠራ። ምንዳዬ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል፤ አጠገቡ ከዞን የመጣ ሰው ተቀምጧል። በሩ ተዘጋ። ጋሽ እሸቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አውጫጭኝ ነው» አሉኝ። ድሮ ሌባ ሲጠፋ የአገሩን ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ጥፋተኛውን እስኪያወጣ አላስወጣም ይባል የነበረው ነው። እውነትም እሱው ነበር። እያንዳንዱ ሰው እየተነሣ ለማን እንደመረጠ እንዲናገር ተጠየቀ።

ገንዘብ ያዧ ተነሣች። «ለፓርቲው ነው፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።» ባለሙያዎቹ በተራ ተነሡ። ለፓርቲው፣ ለፓርቲው። አንዱ በልጆቹ ማለ። ሽማግሌው ጥበቃ ተነሡና «እኔ እንኳ ዓይኔ ደህና አያይም፤ ግን ለእናንተው ሳይሆን አይቀርም» አሉ። የሳቀ የለም። ተራው ወደ ወንበራችን መጣ። እኔ ከጋሽ እሸቴ ቀጥዬ ነበርኩ።

ጋሽ እሸቴ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ዙሪያውን አዩን። «ሁላችሁም መርጣችሁታል» አሉ። «ሁላችሁም ማላችሁ። ታዲያ ማን ነው ያሸነፈው?»

አንድ ሰው ሳቁን መያዝ አቅቶት አፉን በእጁ ሸፈነ። የዞኑ ሰው ብዕሩን አስቀመጠ። «እርስዎ ለማን መረጡ?»

«መጋረጃውን የሰቀላችሁት እንዲህ ተብዬ እንዳልጠየቅ ነው።»

«የሚደብቁት ነገር ከሌለ ይናገራሉ።»

«የምደብቀው ስላለ አይደለም። የኔ ስለሆነ ነው።»

ምንዳዬ ከወንበሩ ተነሣ። ድምፁ የአለቃ አልነበረም፤ የሚለምን ልጅ ድምፅ ነበር። «ጋሽ እሸቴ፣ ጡረታዎ ደርሷል። አንዲት ቃል ነች። ለፓርቲው ነው ይበሉና ይቀመጡ፤ ከዚህ ወዲያ የሚጠይቅዎት የለም።»

ጋሽ እሸቴ ወደኔ ጠቆሙ። «እኔ ይህን ካልኩ፣ ይቺ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ምን ብላ እምቢ ትላለች?»

የዞኑ ሰው ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሣ፤ ስብሰባው እዚያ ላይ ተበተነ። ተራዬ ሳይደርስ ቀረ። ደርሶ ቢሆን ምን እል እንደነበር ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ አላውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጋሽ እሸቴ «ለሥራው አስፈላጊነት» ወደ መርሐቤቴ ቆላ ተዛወሩ። ባለቤታቸውንና ቤታቸውን ትተው፣ ዕድሜ ልካቸውን በደጋ ነፋስ የኖሩ ሰው ገደል ወርደው ወደ ሙቀት ሄዱ። አቤቱታ አስገቡ እንጂ አልጮኹም። አልፎ አልፎ ስልክ እደውልላቸው ነበር። «እዚህ ፍየል እንጂ በግ የለም» አሉኝ አንድ ቀን። «ፍየል ደግሞ አለቃ አይፈራም፤ ተስማምተናል።» ሌላ ቀን ሲያናግሩኝ ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ወባ ይዟቸው ከርሟል። ለማን እንደመረጡ ከዚያ በኋላ ጠይቄአቸው አላውቅም። ምናልባት ለፓርቲው ሊሆን ይችላል። ይህም ቢሆን አይደንቀኝም።

ምንዳዬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ መጣ። ሥራ አልነበረውም፤ ባዶውን የበረዶ ሣጥን ከፍቶ ዘጋው። «እኔን ከላይ የሚጠይቀኝ የለም መሰለሽ?» አለኝ።

«እንዳለማ አውቃለሁ።»

«አባቴ እስካሁን አያናግረኝም» አለና ወጣ። ብዙም ሳይቆይ እሱም ከኃላፊነቱ ተነሣ፤ ጣቢያው የተሸነፈበት ኃላፊ ለማንም አይጠቅምም።

የጋሽ እሸቴ አቤቱታ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ከርሞ ተፈረደላቸው። ዝውውሩ ያለ አግባብ ነው፤ ወደ ቦታቸው ይመለሱ ተባለ። ጡረታቸው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተመለሱ። ከስተው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። አዲሱ ኃላፊ በትሕትና ተቀበላቸው፤ ስላለፈው ነገር አላነሣም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። የፈንጣጣ ክትባት መጥቶ ስለነበር ጋሽ እሸቴ ከመውጣታቸው በፊት ያን የጎደለ ሥራ መጨረስ ፈለጉ። እኔም ደስ አለኝ። እንደቀድሞው ከቅዳሴ በኋላ አስነገርን፤ እንደቀድሞው የበዓል ቀን መረጥን። መኪናም፣ ሞንታርቦም፣ እንግዳም አልነበረም። ሣጥኑን በአህያ ጭነን እኔና እሳቸው ብቻ ሄድን።

ሜዳው ባዶ ነበር። ቀደም ብለን ደርሰናል አልን። ጋሽ እሸቴ ሣጥኑን ከቋጥኝ ጥላ ሥር አስቀመጡ፤ ቀለሙን አዘጋጁ፤ ቁጭ አሉ። ፀሐይ ከፍ አለች። ከሩቅ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይታያሉ፤ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እትዬ አስካለ ብቻቸውን መጡ፤ በግ አልነዱም።

«እንዴት ከረሙ ጋሽ እሸቴ? ቆላው እንዴት አደረገዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፤ አድገዋል። ጉልበትዎስ?»

«አለ፣ እንዳመሉ ነው። በጎቹስ እትዬ አስካለ?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አዩ። «ጥቂት ተክቻለሁ። አይመጡም ጋሼ። እንዲያው ፀሐይ ላይ እንዳይቆዩ ብዬ ነው እኔ የመጣሁት። የማንም አይመጣም።»

«ለምን?»

«መርፌ መጣ ሲባል ሰው ምርጫ ደረሰ ብሎ ፈራ።»

«ምርጫ የለም። ክትባት ብቻ ነው።»

«ያን ጊዜም ክትባት ብቻ ነው ብለውን ነበር» አሉ እትዬ አስካለ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ አዝነውልን ነበር። «እርስዎን የሚጠረጥር የለም። በዚያ ምክንያት ስንት ነገር እንደደረሰብዎት አገሩ ያውቃል። የላከዎትን ሰው ግን አናውቀውም።»

እትዬ አስካለ ተሰናብተውን፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጋሽ እሸቴ ጥቂት እንጠብቅ አሉኝና ጠበቅን። ጓሳ ላይ ጉም ወረደ፤ ሜዳውም መታየት አቆመ። ከዚያ ተነሥተው አህያዋን ጫኑ። ክትባቱ አንዱም ሳይከፈት፣ በረዶው ሳይቀልጥ ይዘነው ተመለስን። ጋሽ እሸቴ ከዚያ በኋላ ለሥራ አልወጡም። ያ ቀን ኅዳር ስድስት ነበር፤ የቁስቋም ዕለት።